«ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?»

ድሬዳዋ ውስጥ አሠሪና ሠራተኛ «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባላሉ። ባለ ሱቁና ተሸካሚው አንድ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣሉ፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ማን ማንን እንደሚያዝ ለመለየት ይቸገራል። «አቦ» የምትለው ቃል ብቻዋን ስንት የማዕረግ አጥር አፍርሳለች! ይህ የድሬ ሰው ፀጋ ነው፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ነገር ግን ይኸው ፍቅር የሠራተኛው ሰዓትና ገንዘብ የሚሰወርበት መጋረጃ ሲሆን ዝም ማለት ያስቸግራል።

አሸዋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ በሚሸጥ ሱቅ የተቀጠረች አንዲት ልጅ እናስብ። ጠዋት በ2 ሰዓት የቆርቆሮውን መዝጊያ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ደጁን ውሃ ትረጫለች፣ ጣቃውን አውጥታ ትደረድራለች። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል። በ10 ሰዓት እንደገና ተከፍቶ ድሬ ነፋስ መቀበል ስትጀምር ገበያው ይደምቃል፤ ልጅቷ ቤቷ የምትገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። የቀትሩ እረፍት ተቀንሶ በቀን 9 ሰዓት ሠርታለች።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። በቀን ክፍለ ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ አንድ ተኩል ሆኖ ይታሰባል፤ በሕዝብ በዓል ከሆነ ሁለት ተኩል። በቀን አንድ ሰዓት ትርፍ፣ በወር 26 የሥራ ቀን ሲባዛ፣ የአምስት ቀን ደመወዝ ያህል ይሆናል። በየወሩ የምትቀርባት ይህቺ ናት። ጥያቄውን ደፍራ ብታነሳ ደግሞ ከአሠሪዋ የሚጠብቃት መልስ ቁጣ ሳይሆን ቅሬታ ነው፤ «ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?»

መልሱ የሚከብደው እውነት ስላለበት ነው። እኚያው አሠሪ ለዒድም ለገናም ልብስ ይገዙላታል፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ይወስዷታል፣ እናቷ ስትሞት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያድራሉ። ይህ ደግነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን የበዓል ስጦታ ትርፍ ሰዓትን አያካክስም። ስጦታው በሰጪው ፈቃድ የሚመጣ ነው፤ ሰዓቱ ግን የእሷ ነው። ሥራ የሚለቅ ሰው ተቀያይሞ የሚሄደው፣ የቀረው ደመወዝ የሚያዝበት፣ የሥራ ልምድ ወረቀት የሚከለከለው አንዱ ምክንያት ፍቅርና ውል ስለተቀላቀሉ ይመስላል። ቤተሰብን ጥሎ የሄደ እንጂ ውሉን የጨረሰ ሰው ሆኖ አይታይም።

ድሬ ደግሞ ስለ ደመወዝ ሥራ ከማንም ልትማር የሚገባት ከተማ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ደርሶ ቆረቆራት፤ ለገሃርና ከዚራ በፉርጎ ጠጋኞች፣ በብረት ቀጥቃጮች፣ በባቡር ነጂዎች አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1947 የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር ያቋቋሙት እዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያነሱት የሥራ ማቆም አድማ በኃይል ተበተነ። ማኅበር ማቋቋምን የሚፈቅደው የሠራተኛ ሕግ የመጣው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። አያቶቻቸው ዋጋ የከፈሉለትን ነገር የዛሬዎቹ ልጆች ለመጠየቅ ማፈራቸው ያሳዝናል።

በቤት ሠራተኞች ላይ ነገሩ ይብሳል። «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው አነጋገር የሚበዛው እነሱ ላይ ነው፤ የሚነሱበት እንጂ የሚተኙበት ሰዓት የማይታወቀውም የእነሱ ነው። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከመደበኛው ሽፋን አውጥቶ ጉዳዩን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን ሲያጸድቅ ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የቤት ሥራ ሥራ ነው።

የሱቋ ልጅ ግን በሕጉ ውስጥ አለች። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪዋ በ15 ቀን ውስጥ የሥራዋን ዓይነት፣ ደመወዟንና የክፍያውን ሁኔታ ጽፈው፣ ፈርመው ሊሰጧት ግዴታ አለባቸው። ወረቀቱ ባይኖርም መብቷ አይጠፋም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም አለ፤ ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ። በስሟ የተከፈለ ነገር ከሌለ ግን ሃያ ዓመት ጨርቅ ለክታ በባዶ እጇ ትወጣለች።

መሳቢያው ውስጥ የዱቤ ደብተር አለ። የትኛዋ ደንበኛ ስንት ሜትር እንደወሰደች፣ ስንት ብር እንደቀረባት፣ ቀኑ ሳይቀር ተጽፏል። የምትጽፈው ራሷ ልጅቷ ናት። የእሷ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለውም።