ዲፈረንሻል የሚቆልፈው አየር

በክረምት ወራት ዋልካ መሬት ውስጥ የገባ መኪና አንድ ጎማው ጭቃ እየረጨ ሲሽከረከር፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ሌላው ጎማ ግን ያለ ሥራ ቆሞ መታየቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከዳር የቆመ ተመልካች ሁሉ ሹፌሩን «ነዳጅ ስጠው!» ይለዋል። ነዳጅ መስጠቱ ግን ጎማውን ይበልጥ ከመቅበር በቀር የሚፈይደው የለም። ምክንያቱን ለማወቅ ከሞተሩ ይልቅ ዲፈረንሻሉን መመርመር ያሻል።

ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ በ90 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ ልዩነቱ 2.36 ሜትር ያህል ነው፤ ኩርባው ሰፊም ይሁን ጠባብ ይህ አይለወጥም (ተማሪዎቻችን በክብ ቀመር ያረጋግጡት)። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ያቀረበው የጥርሶች ቅንጅት ይህን ልዩነት ያስተናግዳል። ነገር ግን ቅንጅቱ ለሁለቱም ጎማዎች ምንጊዜም እኩል ጠምዛዥ ኃይል ያድላል። ችግሩም ከዚሁ እኩልነት ይመነጫል፤ ደካማው ጎማ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ጠንካራውም አያገኝምና።

እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 7000 ኒውተን ክብደት ተሸክሟል እንበል። በጭቃው በኩል የሰበቃው መጠን 0.1፣ በደረቁ በኩል 0.6 ቢሆን፣ ጭቃው 700፣ ደረቁ መሬት ደግሞ 4200 ኒውተን ድረስ ሊገፋ ይችላል። ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ የምናገኘው 700 ሲደመር 700፣ ማለትም 1400 ኒውተን ብቻ ነው፤ ከተቆለፈ ግን እስከ 4900 ይደርሳል። 2800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በመቶ ሜትር አሥር ሜትር የሚነሳ ዳገት ለመውጣት፣ የጭቃውን ተቃውሞ ሳንቆጥር፣ 2700 ኒውተን ገደማ ይፈልጋል። በአንደኛው ሁኔታ ይቆማል፤ በሁለተኛው ይወጣል። ሞተሩ ግን ያው ነው።

«አራቱም ጎማ ይጎትታል» የሚለው አነጋገርም አሳሳች ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች የፊትና የኋላ አክስል ቢጣመሩም በእያንዳንዱ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ክፍት ነው፤ ስለዚህ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተነሱ መኪናው ባለበት ይቀራል።

እንደ አውስትራሊያው ኤአርቢ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት በአየር የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ለዚህ ቀላል መልስ አለው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር አየር ያምቃል፤ ሹፌሩ ማብሪያውን ሲጫን አየሩ በቀጭን ቱቦ ገብቶ የአንዱን አክስል ዘንግ ጥርስ ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር ያጣምራል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ዘንግ ይዞራሉ። ማብሪያው ሲጠፋ ስፕሪንግ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው ይደክማል የሚል ጥርጣሬ ሊነሳ ይችላል። የሚገፋው ግን በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት በመሆኑ የመቆለፍ አቅሙ አይቀንስም፤ ኮምፕሬሰሩ ለመሙላት ጥቂት ይዘገያል እንጂ። ያው ኮምፕሬሰር ጭቃ ለማለፍ አየሩ የተቀነሰለትን ጎማም መልሶ ይነፋል፤ ይህ በእኛ ግምት የመሣሪያው ግማሽ ጥቅም ነው። ድክመቱ ትንንሾቹ የጎማ ቀለበቶች ናቸው፤ ካረጁ አየሩ ወደ ዲፈረንሻሉ አፈትልኮ ዘይቱን በመተንፈሻው ይገፋዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ገዝቶ ማስገጠም ብቻውን ይበቃል ከሚሉት ጋር አንስማማም። ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም አንድ ነው፤ ወደፊት ለመግፋትም ወደ ጎን ላለመንሸራተትም የሚጠቀመው ያንኑ ነው። የሚሽከረከር ጎማ አቅሙን በማሽከርከሩ ጨርሶታልና ወደ ጎን የሚይዝበት አይተርፈውም። በተዳፋት ጎን ላይ በሚሄድ መኪና ዲፈረንሻሉ ክፍት ከሆነ አንዱ ጎማ ቢሽከረከር እንኳ የቆመው ሌላው አክስሉን እንደ መልህቅ ይይዘዋል። ከተቆለፈ ግን ሁለቱም አብረው ይሽከረከሩና የመኪናው ጀርባ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ከዳገት ያወጣ የነበረው ማብሪያ፣ ቦታው ሲለወጥ ተሳፋሪ ይገድላል ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይም ያ የ2.36 ሜትር ልዩነት መሄጃ ስለሚያጣ ጎማ ይበላል፣ መሪ ይከብዳል። በተጨማሪም አንድ ጎማ ብቻ መሬት ሲይዝ ለሁለት ይከፈል የነበረው ጠምዛዥ ኃይል በሙሉ በአንድ ዘንግ ያልፋል፤ በዚያ ላይ ነዳጅ በኃይል የሚረግጥ ሹፌር ዘንጉን ቢሰብረው አይደንቅም።

ስለዚህ ለገጠር ሥራ መኪና የሚያሰማሩ ክፍሎች የኋላውን ብቻ ቢያስገጥሙ፣ ከገንዘቡም ጥቂቱን ለሹፌሮች ሥልጠና ቢያውሉት እንመርጣለን። ጭቃው ከመድረሱ በፊት በዝግታ መቆለፍ፣ እንዳለፉ መክፈት፣ በተዳፋት ጎን ላይ አለመንካት፤ ይህን በግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል።

ለእኛ ለመምህራንም ሥራ አለ። ሰበቃ የሌለበት ተዳፋት ላይ ሳጥን ማንሸራተቱን ትተን፣ ከጋራዥ የተጣለ አንድ አሮጌ ዲፈረንሻል ወደ ቤተ ሙከራችን ብናስገባ ይበጃል። አንዱ ተማሪ የግራውን ዘንግ በእጁ ይያዝ፤ ሌላው ዋናውን ዘንግ ያዙር፤ የቀኙ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቁጠሩ። ከዚያ ጥርሱን በብሎን ቆልፈው እንደገና ይሞክሩት።