የሶፍትዌር ማንነት በዲጂታል አሻራ እንዴት ይለያል?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የመረጃ ጠላፊዎች ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሶፍትዌር ድረ ገጽ ሰብረው በመግባት፣ የማውረጃ ማስፈንጠሪያውን ለአጥቂ ስውር መግቢያ ወደሚከፍት ፋይል አዞሩት። ተጠቃሚዎች ያወረዱት ከሚያውቁትና ከሚያምኑት ገጽ ነበር። አዘጋጆቹ ትክክለኛው ከተበረዘው እንዲለይ ያደረጉት የትክክለኛዎቹን ፋይሎች «ሃሽ» ወይም ዲጂታል አሻራ ይፋ በማድረግ ነው።

ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚገኝ መለያ ነው። ኤስኤችኤ-256 በተባለው ስልት አሻራው 64 የፊደልና የቁጥር ምልክቶች ይኖሩታል፤ ከይዘቱ ጥቂት እንኳ ቢለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የታወቁ ሶፍትዌሮችን ፋይሎች በዚሁ መንገድ መዝግቦ ይይዛል።

ይሁን እንጂ የአሻራ መመሳሰል የፋይሉን ማንነት እንጂ ደኅንነቱን አያረጋግጥም። በተጠለፈ ገጽ ላይ ፋይሉም አሻራውም ሊለወጡ ይችላሉ። ኤምዲ5 እና ኤስኤችኤ-1 የተባሉት የቆዩ ስልቶችም፣ አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው የተለያዩ ፋይሎች ስለተሠሩባቸው፣ ለዚህ ተግባር አይመከሩም።

ስለሆነም የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ለማግኘት ሶፍትዌር የሚያወርዱ ተገልጋዮች የፋይሉን አሻራ አዘጋጁ በሌላ ይፋዊ መንገድ ካወጣው ጋር እንዲያመሳክሩ፣ ካልተመሳሰለም ፋይሉን ሳይከፍቱ እንዲያጠፉት ይመከራል።