ባትሪው ከቤት ወጣ፤ ወዴት ገባ?



ዒድ ሲቃረብ ቢቸናም ሆነ ሞጣ ቤት ይጠረጋል። አሮጌው ፍራሽ፣ የተሰበረው ሶፋ፣ የማይሠራው ቴሌቪዥንና ያለቀለት የሶላር ባትሪ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙ አንጠይቅም። ቦይ ወይም ገደል ውስጥ የተጣለውን ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደ ጅረት ይወስደዋል፤ የአካባቢያችን ጅረት መጨረሻው ደግሞ ዓባይ ነው።

በመድረሳ የውሃን መለወጥ በቀለሙ፣ በሽታውና በጣዕሙ እንድንለይ ተምረናል። በዩኒቨርሲቲ ደግሞ እርሳስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሦስቱንም እንደማይለውጥ ተማርን። የመኪና ባትሪ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደቱ እርሳስ ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድም አለበት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለዉዱእ የሚበቃ መስሎ የታየን ውሃ ለልጅ መጠጥ ላይበጅ ይችላል ማለት ነው።

ሕጉም ጉዳዩን አልረሳውም። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 አባወራው መልሶ የሚያገለግለውን ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በ2010 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090 ወጣ። ነገር ግን «አትጣሉ» ማለት ብቻውን አይበቃም። አገራችን ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ በወጉ የምታቃጥልበት ምድጃ ስላልነበራት በ1990ዎቹ ከሺህ ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ልካለች። መንግሥት እንዲህ የደከመበትን ነገር አንዲት እናት ብቻዋን ትወጣዋለች ብለን አንጠብቅ።

«ቆራሌው ይወስደዋል» የሚል አለ። ለብረቱና ለፕላስቲኩ እውነት ነው። ከባትሪው ግን ገበያ ያለው እርሳሱ ነው፤ አሲዱ ሜዳ ላይ ይደፋል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ በመስጊድ ኮሚቴዎቻችን በኩል ማዘጋጃ ቤቱን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ለባትሪ፣ ለአምፖልና ለፀረ ተባይ ዕቃ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው የተለየ ቦታ ይሰጠን። እስከዚያው ባትሪ አይከፈት፣ አይቃጠል፤ በፕላስቲክ ባልዲ ከልጆች ርቆ ይቀመጥ። የፀረ ተባይ ጄሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ ይበሳ፤ ዘይትም ውሃም አይቀዳበት። የሚያገለግል ፍራሽና ሶፋ በሰደቃ ይሰጥ።

ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከኢማን ነው ሲባል የምናስበው ድንጋይና እሾህ ነው። ባትሪውንም እንቁጠረው።