አዲስ የተጫነ ሁሉ አዲስ አይደለም፦ የሥርዓተ ክወና መጫኛ ፍላሾችን በስክሪፕት ስለ ማደስ

በወግዲ ወረዳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የተበላሸ ኮምፒዩተር ፎርማት በተደረገ ማግስት ያጋጠመኝ ነገር ይህን አስተያየት እንድጽፍ አነሣሣኝ። ማሽኑ ፈጣን ነበር፤ ገጹም ባዶና ንጹሕ። ጠዋት ሠራተኞቹ ሰነዶቻቸውን ለመመለስ ፍላሾቻቸውን በየተራ ሰኩበት። ከሰዓት በኋላ ግን በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ፋይሎቹ ወደ ሾርትከት እየተለወጡ ይወጣ ጀመር። ከሠራተኞቹ አንዷ ተገርማ፣ «ትናንት እኮ ነው ፎርማት የተደረገው!» አለችን። የተጫነበትን ፍላሽ ስንመረምር በውስጡ ያለው ዊንዶውስ 10 እትም 1809 ሆኖ ተገኘ። ይህ እትም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣ ሲሆን ለሆምና ለፕሮ ተጠቃሚዎች ይሰጥ የነበረው ድጋፍ በኅዳር 2013 ዓ.ም. አብቅቷል። ለጉዳቱ ብቸኛው ምክንያት የመጫኛው እርጅና ነው ብዬ አልደመድምም። ይሁን እንጂ የሠራተኛዋ አነጋገር አንድ የተለመደ ስሕተትን ገልጦ አሳይቶኛል፤ ፎርማት የተደረገን ኮምፒዩተር ሁሉ አዲስና ጤነኛ አድርገን እንቆጥራለን።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። እንደ ወግዲና መካነ ሰላም ባሉ አካባቢዎች ሶፍትዌር በዋናነት የሚጓዘው በፍላሽ ነው። በመሆኑም የመጫኛ ፍላሽን ወቅታዊ አድርጎ መያዝ ለጥገና ባለሙያው ትጋት ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ በስክሪፕት የሚከናወንና ተቋማዊ ባለቤት ያለው መደበኛ ሥራ ሊሆን ይገባል።

የመጫኛው ዕድሜ የሚያስከትለውን ልዩነት ለመረዳት ዋናክራይ የተባለውን ጥቃት ማስታወስ ይበቃል። ማይክሮሶፍት ጥቃቱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አውጥቶ ነበር፤ ጥቃቱ የተነሣው ደግሞ ግንቦት 4 ቀን ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ማሻሻያውን የጫነ ኮምፒዩተር ከዚያ ቀዳዳ ተጠብቋል። በጥቃቱ ተጎድቶ በ2003 ዓ.ም. በወጣው የዊንዶውስ 7 ሰርቪስ ፓክ 1 ዲስክ እንደገና የተጫነ ኮምፒዩተር ግን ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ወደ ሥራ ይመለሳል። መድኃኒት የተባለው ፎርማት ማሽኑን በሽታው ወደ ገባበት ቀን መልሶታል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ፣ «ከተጫነ በኋላ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ራሱን ያሻሽላል» የሚል ነው። መልሱ አስተማማኝ መስመር ባለበት ቦታ በከፊል ይሠራል። 40 ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ የትምህርት ቤት ክፍል እንውሰድ። ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት ማሻሻያ ቢያስፈልግ በድምሩ 40 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይህም በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ሳይቋረጥ ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያንኑ ማሻሻያ አንድ ጊዜ አውርዶ ከመጫኛው ጋር ማዋሐድ ግን የ33 ደቂቃ ያህል ማውረድ ብቻ ይጠይቃል። መስመሩ ጨርሶ በሌለ ጊዜስ? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ወቅት «ራሱን ያሻሽላል» የሚለው ተስፋ መሠረት አልነበረውም። ፍላሹ ግን ያኔም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር።

ሥራው በቴክኒክ ረገድ አዲስ ግኝት አይጠይቅም። ማይክሮሶፍት በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ የሚያወጣቸው የዊንዶውስ 10 እና 11 ማሻሻያዎች የቀደሙትን አጠቃልለው የሚይዙ ናቸው። ዲዝም የተባለው መሣሪያም የመጫኛውን ምስል ከፍቶ፣ ማሻሻያውን ጨምሮ፣ መልሶ ለመዝጋት ያስችላል። የዲፌንደርን ጸረ ቫይረስ በመጫኛው ውስጥ እንዳለ ለማደስ የሚያገለግል ጥቅልም ለብቻው ይወጣል። በሊነክስ በኩል ዴቢያን የተረጋጋ እትሙን በየሁለት ወሩ ገደማ አድሶ ያወጣል፤ ጂግዶ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በእጅ ያለውን የቀድሞ ዲስክ እንደ መነሻ ወስዶ የተለወጡትን ጥቅሎች ብቻ በማውረድ አዲሱን ይገነባል። የመስመር ዋጋ ለሚከብደው አካባቢ ይህ አሠራር ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ታዲያ አንድ ትጉህ ባለሙያ ይህን ሁሉ በእጁ ቢሠራው ምን ይጎድላል? በእኔ አመለካከት ሦስት ነገሮች ይጎድላሉ። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ከዋናው ምስል በተጨማሪ የማስነሻና የጥገና ምስሎችን ይዟል፤ ሁሉም በተገቢው ተራ መታደስ አለባቸው። ማይክሮሶፍት ራሱ ለዚህ ሥራ የናሙና ስክሪፕት ማሳተሙ ተራውን በቃል መያዝ አስቸጋሪ መሆኑን ያመለክታል። ሁለተኛው መቋረጥን የመቋቋም ብቃት ነው። መብራት በሥራው መካከል ቢጠፋ በወጉ የተጻፈ ስክሪፕት ማውረዱን ካቆመበት ይቀጥላል፤ በከፊል የተለወጠውን ምስል ግን አፍርሶ ከዋናው ቅጂ እንደገና ይጀምራል። የደከመው ሰው ብዙውን ጊዜ «ይሁን» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛውና ለዚህ መጽሔት አንባቢ ቅርብ የሆነው ተጠያቂነት ነው። ስክሪፕት ለመጫኛው የምርምር ዘዴን እንደሚገልጽ ክፍል ያገለግላል፤ ሌላ ሰው ያነበዋል፣ ይተቸዋል፣ ደግሞ ሠርቶ ያንኑ ውጤት ማግኘቱን ይፈትሻል። በየኪሱ የሚዞረው ፍላሽ ግን ማን እንዳዘጋጀው፣ ምን እንደተጨመረበት፣ ምን እንደተቀነሰበት አይናገርም።

ለማደስ የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት መጥቷል። ብላክሎተስ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ኮምፒዩተር በሚነሣበት ደረጃ ላይ ጥቃት ማድረሱን ተከትሎ፣ ማይክሮሶፍት ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞ የማስነሻ ፕሮግራሞችን ፈቃድ በደረጃ ወደ መሰረዝ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተሰጡት የሴኪዩር ቡት ሰርተፍኬቶችም ጊዜያቸው ከሰኔ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያበቃ ነው። ስረዛው በተተገበረበት ኮምፒዩተር ላይ ሴኪዩር ቡት እንደበራ ያልታደሰ ፍላሽ ጭራሽ አይነሣም። የዛሬው ቸልተኝነት ነገ ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ መጠገኛ ማጣትን ሊያስከትል ይችላል።

በሐሳቡ ላይ የሚነሡ ተገቢ ተቃውሞዎችም አሉ። የመጀመሪያው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ያለ ፈቃድ የሚጫን ዊንዶውስ በብዙ ቦታ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ክራክ ለማድረግ ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት መለመዱም እንዲሁ። ስክሪፕት ይህን ሕጋዊ አያደርገውም። በመሆኑም የታደሰ የዊንዶውስ ምስል መሠራጨት ያለበት ፈቃዱ ባላቸው ተቋማት ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ የሊነክስ ምስል ግን ለማንም በነጻ ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው የዕድሜ ገደብ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። የሚጨመር ማሻሻያ ከሌለ ስክሪፕቱ የሚያድሰው ነገር አይኖርም። ለእነዚያ ማሽኖች ሊነክስን በቁም ነገር ማሰብ ግድ ይላል። ሦስተኛው ስጋት አንድ ማዕከል ከተሳሳተ ስሕተቱ ለሁሉም መድረሱ ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ከመሠራጨቱ በፊት በጥቂት ማሽኖች ላይ መፈተን ይኖርበታል።

መደረግ የሚገባው ብዙ በጀት አይጠይቅም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ለወግዲና ለአጎራባች ወረዳዎች ቅርብ የሆነ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች ስክሪፕቱን እንደ ተግባር ልምምድ ጽፈው ቢያስተዳድሩት፣ በየወሩ የሚወጣውን ምስል ሃሽ ከፋይሉ ለይተው በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ የወረዳ የአይሲቲ ባለሙያዎችም በየሦስት ወሩ ፍላሻቸውን ይዘው መጥተው ቢያስሞሉ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባለው ነገር የሚጨበጥ መልክ ይይዛል። ፍላሹ መጻፍን የሚከለክል ማብሪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ባይገኝ እንኳ ከእያንዳንዱ ጭነት በፊት ሃሹን ማመሳከር ይቻላል።

እስከዚያው ድረስ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል አንድ ልማድ አለ። በእያንዳንዱ መጫኛ ፍላሽ ላይ የታደሰበት ቀን ይጻፍበት። የመድኃኒት ማሸጊያ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ቀኑን ነው። የጤና ጣቢያን መዝገብና የተማሪዎችን ውጤት የሚይዘውን ማሽን ለምናክምበት ፍላሽም ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ አይበዛበትም፦ መቼ ነው የታደሰው?