ኔትወርክ ሲቆረጥ ሕጉስ የት ይገኛል?

«በሕግ አምላክ!» ሲባል ወራጅ ውኃ እንኳ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ለመሆኑ ሕጉ ራሱ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው በምን አምላክ ይበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቢያንስ በአምስት ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። አዋጁ በ1234/2013 ቢተካም ደንቡ ጸንቷል። የጃናሞራው ገበሬ የአባቱን ንብረት ሲካሰስ፣ አዲስ አበባ የተጻፈ ውሳኔ ሊረታው ይችላል ማለት ነው። ውሳኔዎቹ ከ20 በላይ ቅጽ ሆነው ታትመዋል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እዚያ ያለ የሕግ ሰው ሁሉንም ቅጽ መደርደሪያው ላይ አያገኝም። የሚቀናው ከኢንተርኔት ማውረድ፣ ወይ በቴሌግራም መቀባበል ነው። (የደንበኛውን ምስጢርም በዚያው የሚልክ አለ፤ ጉድ ነው!)

እንግዲህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለሚማረው ልጅ ኮምፒዩተር ቅንጦት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ግን መፈለግን ብቻ ሳይሆን መጠራጠርንም ይማር። የተሻረ አዋጅ ከሚሠራው ጋር ተደባልቆ በየስልኩ ይዞራል፤ ሰበርም የቀድሞ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። በሰኔ 2015 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እዚያስ ዳኛው ፈልጎ አጣቸው። እኛ ዘንድ መዝገብ ያጨናነቀው የወረዳ ዳኛ በምኑ ያጣራ?

የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2012 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ብሎ ነጋሪት አስጎሰመ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝን የፈቀደ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ልጁ በታሰረበት አባት በየትኛው አንቀጽ ተይዞ እንደሆነ ከስልኩ ላይ ማየት አልቻለም። ያስተማርነው የሕግ ተማሪስ ምን ሊያደርግለት?

ስለዚህ ትምህርቱ ኔትወርክ አለ ብሎ አይጀመር። ቅጾቹና አዋጆቹ ተሟልተው በፍላሽ ይጫኑ፤ የትኛው እንደተሻረ ተለይቶ በየዓመቱ ይታደስ። ተማሪው ይህንኑ ይዞ ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ይውጣ፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ለተቀመጠው ራፖር ጸሐፊም ያካፍል። ገበሬው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነዋ! ለዚህ የአዲስ አበባ ፈቃድ አያስፈልግም። መስመሩን ያስቆረጠው ባለሥልጣን ግን በየትኛው ሕግ እንዳስቆረጠ አሁንም መልስ አለበት።