ገና ነው

ከኅዳር 15 ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ የሚደገም ጥያቄ አለ። «አባዬ፣ ገና መቼ ነው?» ትላለች የሰባት ዓመቷ ልጄ። «ገና ነው» እላታለሁ። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ይቺን ሲሰማ ሶፋው ላይ ይዘላል፤ «ዛሬ ገና ነው! ዛሬ ገና ነው!» አልተሳሳተም እኮ። በዓሉ ደረሰ ለማለትም «ገና ነው»፣ አልደረሰም ለማለትም «ገና ነው» ከሚል ሕዝብ መወለዱ የእሱ ጥፋት አይደለም።

ታኅሣሥ 16 ሲደርስ ነገሩ ይብስበታል። ያን ቀን ፈረንጁ ያከብራል፣ ቴሌቪዥኑ ያከብራል፣ መገናኛ ያሉት ሱቆች ደግሞ ቀደም ብለው ዛፋቸውን አቁመው መብራት ሲያብለጨልጩ ሰንብተዋል። አምና ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። «ገና አለፈን?» አለችኝ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው። ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ ስለ 13 ቀኑ ልዩነት፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን የእኛው በዓል በ29 መሆኑ ቀርቶ በ28 እንደሚውል ማስረዳት ጀመርኩ። ጳጉሜን 6 ላይ ስደርስ ሁለታችንም ጠፋን። አያቷ ከማድቤት ሆነው ባንድ ቃል ገላገሉን፤ «ጾም ሳይፈታ ምን ገና አለ!»

በዚህ ሰሞን ዓምደኛ የተባለ ሁሉ በፕላስቲኩ ዛፍና ቀይ ካፖርት በለበሰው የገና አባት ላይ ብዕሩን ይስላል። እኔ የለሁበትም። እኛም ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ክንድ ከስንዝር የምታህል ዛፍ አለች። ልጆቹ ጥጥ ያለብሷታል፤ በረዶ መሆኑ ነው። ማንንም አልጎዳችም። የእኔ ቅሬታ የሚመለከተው ፈረንጁን ሳይሆን እኛን አባቶችን ነው።

በዓሉ ገና፣ ጨዋታው ገና፣ ከእንጨት የምትጠረበው ሩር የምትመታበት ቆልማማ በትርም ገና። ማን ከማን ስሙን እንደወረሰ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። እረኞቹ የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ የሚል ትውፊት ግን አለን፤ ይህ ለእኔ ይበቃኛል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለን የምንበላበት በዓል ሞልቶናል። ይሄኛው ከሰዓት በኋላው የጨዋታ ነበር፤ ያስቀረነው እኛ አባቶች ነን።

የልጆቼ የገና ውሎ እንዲህ ነው። ሌሊት ከየካ ሚካኤል ስንመለስ ትንሹ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፣ ትልቋ የጠፋ ጧፏን ጨብጣ ታንቀላፋለች። ጠዋት ነጭ በነጭ ይለብሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «ተው!» ነው። ተው ይቆሽሻል፣ ተዪ ወጡ ይፈስብሻል፣ ተው እንግዳ አለ። ቴሌቪዥኑ ከላሊበላ ቤዛ ኩሉን ያሳያል፤ እዚያ ወረቡ ምድሩን ያነቃንቃል፣ እዚህ የእኔ ልጆች ቄጤማው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ትልልቆቹ ጠግበን እናሸልባለን። ለልጅ ከዚህ የባሰ ቅጣት ካለ ንገሩኝ።

ስለዚህ የሚወዱት ዋዜማውን ነው። ዋዜማው ሥራ አለበት። ሾላ ገበያ ይዣቸው ስወጣ ቅቤው በእንስራ፣ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ነጋዴው ዶሮውን ገልብጦ ሚዛን እንደሚይዝ ሰው ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ትንሹ ጆሮውን ይደፍናል። ከቤት ስንደርስ ደግሞ የትልቋ ሰዓት ይጀምራል። አያቷ ከአንድ ዶሮ 12 ብልት መውጣት አለበት ብለው ያስቆጥሯታል። አምና 11 ብላ ቆመች። እንደገና ቆጠረች፤ 11። ፈረሰኛው ጠፋ! አያቷ «ድመቷን ያዙ!» ብለው ከተነሱ በኋላ ፈረሰኛው ከሳህኑ ስር ተገኘ። ትምህርት ቤት ሒሳብ አይገባትም የሚሏት ልጅ እስከ ዛሬ 12 ስትል የምትቆጥረው በዶሮ ነው።

እንግዲህ አምና ቆረጥኩ። የዚህ ዓመት ገና በጨዋታ ይውላል አልኩ። በትር ፍለጋ ከኮተቤ ተነስተን ወደ እንጦጦ ወጣን። እንጦጦ ቀና ብለው ቢያዩት ዛፍ ነው፤ ለሁለት ልጆች የሚሆን ቆልማማ እንጨት አይጠፋም ብዬ ነበር። ዛፍ መቁረጥ እንደማይቻል ስለማውቅ ከጫካው ቁልቁል ማገዶ ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች አንዷን አስቆምኩና ከሸክማቸው የተቆለመመ እንዲመርጡልኝ ለመንኳቸው። ሸክሙን አሳርፈው አገላበጡት። አንድም የለም። ሁሉም ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ። «ልጄ፣ ይሄ ዛፍ መጉበጥ አያውቅም፤ የሚጎብጠው ተሸካሚው ነው» አሉኝ። ሁለት ቀጭን እንጨት ሰጥተውኝ ከሂሳቡ በላይ ከፍዬ ወረድኩ።

ታሪኩን ከአንደኛ ፎቅ ላሉት ጋሼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ባሕር ዛፍ ለማገርና ለምሰሶ ነው። ገና ከወይራ ነው» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። እንጦጦ ድሮ የጥድና የወይራ አገር ነበር። የምኒልክ ከተማ ማገዶውን እየማገደ ተራራውን ሲያራቁተው ነው ባሕር ዛፍ ከውጭ ገብቶ የተተከለው። ዛፉ አዲስ አበባን ከመሰደድ አድኗታል፣ ውለታው አይካድም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንጦጦን ባየሁ ቁጥር ከአንድ ተራራ ሙሉ እንጨት ለአንድ ልጅ የገና በትር አለመገኘቱ ይከነክነኛል። ጋሼ ገቡና ከአልጋቸው ስር አንዲት ጥቁር፣ ጫፏ እንደ ከዘራ የተቆለመመች በትር ይዘው ወጡ። ከልጅነታቸው የተረፈች ወይራ ናት። ሩር የሚጠረብ እንጨት ስላልነበረን ሩሯን ከሦስት አሮጌ ካልሲ ጠመጠምናት።

ገና ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ግቢ ወረድን። ሜዳ የሚባለው በሁለት ብሎክ መካከል ያለችው ቦታ ናት፣ ግማሿ መኪና ቆሞባታል። መጀመሪያ አራት ነበርን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ የለበሱ ሕፃናት ከየደረጃው ፈሰሱ፤ የመጥረጊያ እጀታ የያዘ፣ የአያቱን ከዘራ የሰረቀ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተባባልን፣ የብሎኮቹን ቁጥር ማንም አልጠራም። ጋሼ ዳኛ ሆኑ። የባህል ስፖርት ውድድር ላይ ገና ሜዳው ተለክቶ፣ ተጫዋቹ ተቆጥሮ ነው የሚካሄደው፤ የሰፈሩ ገና ግን ሩሯን ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ እንጂ ሌላ ሕግ የለውም። አንድ ትልቅ ሕግ ብቻ አለው፤ ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፋሉ፣ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም። ልጄ ይህን ሕግ ሳይነግሩት አወቀው። በሕፃን ክንዱ ሙሉ የዳኛውን ቅልጥም አገኘው። ጋሼ አንድ እግራቸውን ይዘው እየሳቁ ዞሩ። ባለቤቴ በሀገር ልብሷ ወርዳ ሁለት ጊዜ አስቆጠረች። ቀሚሷ ቆሸሸ፤ «ተዪ» ያላት አልነበረም።

ከዚያ ካልሲዋ ተነስታ የአንዱን መኪና የጎን መስታወት መታች። አልተሰበረም። ባለመኪናው ግን ከፎቅ እስኪወርድ ድረስ ድምፁ ቀድሞት ነበር። ይቅርታ ጠየቅን፣ ጨዋታው ተበተነ። በሳምንቱ ደረጃው ግርጌ «በግቢው ውስጥ ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ገና ኳስ አይደለም ብዬ ለመከራከር ቃጣኝ፣ ባለቤቴ ጎተተችኝ።

እንጦጦ ፓርክ ውሰዳቸው የሚሉኝ አሉ። እወስዳቸዋለሁ። በ2013 የተከፈተልንን ያንን ቦታ ልጆቼ ይወዱታል፣ አየሩም ለሳምባ ነው። ገና ግን ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጫወቱት ጨዋታ አይደለም። ቅልጥም ተመትቶ ለመሳቅ የመታህ የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለመኪናው የልጄን ስም ቢያውቅ ኖሮ እንደዚያ አይጮህም ነበር። እኔም የእሱን ስም የማውቀው ቢሆን ኖሮ ቀድሜ «መኪናህን ፈቀቅ አድርጋት» እለው ነበር። ስድስት ዓመት ባንድ ደረጃ ወጥተን ወርደናል።

ዘንድሮ ጋሼ ሩር እየጠረቡ ነው። ትንሹ በየቀኑ «ደረቀች?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «ገና ናት» ይሉታል፤ ይዘላል።

ባለመኪኖች ሆይ፣ ይህን ጋዜጣ ካያችሁ ልመናዬ አጭር ነው። በ29 ከሰዓት መኪኖቻችሁን ከሜዳዋ አውጡልን። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይበቃናል። በትር የሌለው ከጋሼ ይዋሳል።