ቁጥር ያላት ወፍ

በታኅሣሥ ብርድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሸምበቆ ውስጥ የሚገባ ሰው ቢታይ «ምን ነክቶት ነው?» ማለታችን አይቀርም። በቶተንሃም በኩል የሚወርደውን የሊን ወንዝ ሽቅብ የተከተለ ሰው፣ ከለንደን ወጣ ብሎ ራይ ሚድስ የተባለውን ረግረግ ያገኛል። እዚያ ሠልጥነው ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ለዓይን የማይታይ ስስ መረብ ይዘረጋሉ። የተያዘችው ወፍ ክንፏ ይለካል፣ ትመዘናለች፣ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት ቀላል ቀለበት እግሯ ላይ ይደረግላትና ትለቀቃለች። ብርዱ ከበረታ ግን መረቡ አይዘረጋም፤ በአጭሩ ቀን በቂ ያልበላች ትንሽ ወፍ ረጅሙን ሌሊት አትዘልቅምና።

ሥራው በእንግሊዝ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። በ1911 በስታፎርድሺር ቀለበት የተደረገላት ጅራተ መቀሷ ጨረባ በታኅሣሥ 1912 ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ተገኘች። ነገሩ የታወቀው በቀለበቱ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ ተነቦ ደብዳቤ ስለተጻፈ ነው።

እኛ ስደተኞች ቁጥር ሲሰጠን ልባችን ይደነግጣል። የወፏ ቁጥር ግን «ወዴት ደረሽ?» ብሎ ለመጠየቅ እንጂ መንገድ ለመከልከል አይደለም።

ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ብዙ ወፎች ዝዋይ ሐይቅ ዳር ይከርማሉ። ስለዚህ አገር ቤት ስትደውሉ ይህን አደራ በሉልን፦ ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ያገኘ ሰው ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ በአድራሻው ይላክ። ወሬዋን የሚጠብቅ ሰው አለ።